ኤችዲ ቻናል በቤት ኮምፒዩተር፦ ራም ጨመርኩ፣ አሁንም ይቆራረጣል

የጀሞ ልጅ
ታኅሣሥ 11፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ቤት ውስጥ አንድ የቆየ ዴስክቶፕ አለን። ፕሮሰሰሩ ኮር 2 ዱዎ ኢ4500 ነው፣ 2.2 ጊጋኸርዝ። ዊንዶውስ 7 ተጭኖበታል። ሪሲቨራችን ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ከውጭ ሲመጣ በዩኤስቢ የሚሰካ የሳተላይት ካርድ ይዞልኝ መጣ። ዲቪቢ ኤስ2 የሚባለውን የዲጂታል ሳተላይት ስርጭት ይቀበላል። ዲሹ ኢትዮሳት ላይ ነው፣ ቻናሎቹን በሙሉ ፈልጎ አስገብቷል።

ችግሩ ሲከፈት ነው። ኤችዲ ያልሆኑት ቻናሎች ያለ ችግር ይሄዳሉ። ኤችዲ ስከፍት ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፣ ምስሉ ከኋላ ይጎተታል። ካሜራው ቀስ ብሎ ዞር ሲል እንኳ ምስሉ ይቆማል፣ ከዚያ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። የሰው ፊት አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል።

ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ «ራም ጨምርበት፣ ይበቃዋል» አሉኝ። ከ2 ጊጋ ወደ 4 ጊጋ አሳደግኩት። ገንዘቤ ወጣ እንጂ አንዲት ነገር አልተለወጠችም።

የቸኮልኩት ለገና ነው። አባቴ በየዓመቱ ላሊበላ ይሄድ ነበር። ዘንድሮ እግሩን አሞት መሄድ አልቻለም። ቤዛ ኵሉ ሲዘመር በቀጥታ ስርጭት ጥርት አድርጎ እንዲያይ እፈልጋለሁ። ቴሌቪዥኑ 43 ኢንች ነው፣ ኮምፒዩተሩ የተገናኘው በቪጂኤ ገመድ ነው።

ልጣለው ወይስ የሚደረግለት ነገር አለ?

———

ዲሽ በዲሽ
ታኅሣሥ 11፣ ማታ 3፡48

ወንድሜ፣ አዲስ ሪሲቨር ግዛ፣ ተገላገል። ኤችዲ ሪሲቨር ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው፣ መብራትም ብዙ አይበላም።

ኮምፒዩተሩን ካልተውክ ግን መጀመሪያ ሲግናሉን አጣራ። እኔ ዲሽ ስተክል ነው የምውለው። ምስል አራት ማዕዘን የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። ሲግናል ሲደክም ምስሉም ድምፁም አብረው ይቆረጣሉ፣ ድምፁ «ጭው ጭው» ይላል። ድምፁ ሳይቆረጥ ምስሉ ብቻ ከተጎተተ ዲሹ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ጋ ነው። አንተ የነገርከን ሁለተኛውን ይመስላል።

———

የጀሞ ልጅ
ታኅሣሥ 11፣ ማታ 4፡05

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ድምፁ አንድም ጊዜ አይቆረጥም። የሲግናል ጥራቱም ከ80 በታች ወርዶ አያውቅም።

ሪሲቨሩን አስቤበት ነበር። ግን ኮምፒዩተር ላይ ስርጭቱን መቅዳት ይቻላል። አባቴ እየደጋገመ እንዲያየው ነው የምፈልገው።

———

ፍሬም በፍሬም
ታኅሣሥ 11፣ ማታ 4፡30

ሦስት ነገር ንገረኝና መፍትሔ እንፈልጋለን።

መጀመሪያ ኤችዲ ቻናሉን ለአምስት ደቂቃ ቅዳው። የተቀዳውን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈት። ቱልስ ውስጥ ኮዴክ ኢንፎርሜሽን የሚል አለ (ኮዴክ ማለት ቪዲዮው የተጨመቀበት ዘዴ ነው)፣ እዚያ የተጻፈውን አምጣ። እዚያው ጎን ስታቲስቲክስ የሚል ገጽ ላይ የጠፉ ፍሬሞች፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች፣ ቁጥር ስንት እንደደረሰ እይ። ቪዲዮው እየሄደ ሳለ ደግሞ ታስክ ማናጀር ከፍተህ ሲፒዩው ስንት ፐርሰንት እንደሚሠራ ተመልከት። በመጨረሻ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተር ሥር ምን ተጽፏል?

ራም የጨመርክበት ገንዘብ ያሳዝናል። ጓዳህን አሰፋህ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ግን ያችው አንዷ ናት።

———

የጀሞ ልጅ
ታኅሣሥ 12፣ ጠዋት 1፡10

ሌሊት ሞክሬ አደርኩ። ኮዴኩ ኤች.264 ይላል፣ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ሲፒዩው ከ96 እስከ 100 ፐርሰንት እየተመላለሰ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ 1,140 ፍሬም ጠፍቷል። ዲስፕሌይ አዳፕተር ላይ «ኢንቴል ጂ33/ጂ31 ኤክስፕረስ ቺፕሴት» ይላል።

አንድ የገረመኝ ነገር ልንገርህ። ያንኑ የተቀዳ ፋይል በፍላሽ ወስጄ በእህቴ ላፕቶፕ ከፈትኩት። ያ ላፕቶፕ ርካሽ ሴሌሮን ነው፣ ሁላችንም የምንንቀው ዕቃ። ምንም ሳይቆረጥ ሄደ። ሲፒዩው 9 ፐርሰንት ነበር። እንዴት ነው ነገሩ?

———

ፍሬም በፍሬም
ታኅሣሥ 12፣ ቀን 6፡40

ጥያቄህ ውስጥ መልሱ አለ። በደንብ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው የማይሆን ዕቃ ይገዛል።

የድሮው መደበኛ ምስል 720 በ576 ነው። ስታባዛው 414,720 ነጥብ ይሆናል። ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፣ 2,073,600 ነጥብ። ልክ አምስት እጥፍ ነው፣ አንድ ነጥብ አይጎድልም አይተርፍም። ስለዚህ «ያኛው ቻናል ይሠራል፣ ይሄኛው ለምን?» ስትል የአምስት እጥፍ ሥራ ነው የምትጠይቀው።

ግን ክብደቱ የነጥቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ምስሉ ከሳተላይት የሚመጣው ታጥፎና ተጨምቆ ነው። የአንተ ቻናል በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢሆን በባይት 1 ሜጋ ገደማ ማለት ነው። ተፈትቶ ስክሪን ላይ ሲዘረጋ ግን አንዱ ፍሬም ብቻ ከ3 ሜጋባይት በላይ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም አለ፣ 78 ሜጋባይት ገደማ። አንዷን ሜጋ ወደ 78 ሜጋ የሚዘረጋው ማነው? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው።

በአንተ ኮምፒዩተር ይህን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አጨማመቅ ነው። ዲቪዲ ላይ ከነበረው ኤምፔግ 2 ይልቅ አንድን ምስል በጣም ባነሰ ዳታ ይይዛል። ያን ያህል ደግሞ ለመፍታት ከባድ ነው። የአንተ ግራፊክስ ጂኤምኤ 3100 ይባላል። ኤች.264 የሚፈታ ክፍል የለውም። ምስሉን ተቀብሎ ስክሪን ላይ ከማሳየት በቀር አያግዝም።

የእህትህ ሴሌሮን ግን ግራፊክሱ ውስጥ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራች ትንሽ ክፍል አላት። ፕሮሰሰሩ ፋይሉን ያቀብላታል፣ እሷ ፈትታ ስክሪን ላይ ታወጣለች። 9 ፐርሰንት ያየኸው ለዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ ፈጣን ስለሆነ አይደለም፣ ሥራው የእሱ ስላልሆነ ነው።

ስለዚህ ማንም «ስንት ጊጋኸርዝ ነው? ስንት ራም አለው?» ቢልህ ለቪዲዮ ጉዳይ አትስማው። ጥያቄው «ግራፊክሱ የትኛውን ኮዴክ ይፈታል?» ነው።

———

አንባቢ 7
ታኅሣሥ 12፣ ቀን 8፡00

ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ ቢያደርገውስ?

———

ፍሬም በፍሬም
ታኅሣሥ 12፣ ቀን 8፡12

ኮምፒዩተሩ ቶሎ ይነሣል፣ ቪዲዮው ግን ያው ነው። በሰከንድ 1 ሜጋባይት ለማንበብ ተራ ፍላሽም ይበቃል።

———

ጥገና ቤት
ታኅሣሥ 12፣ ማታ 1፡30

ልጄ፣ ፍሬም በፍሬም የነገረህ ልክ ነው። እኔ ደግሞ የእጅ ሥራውን ልንገርህ። ከሃያ ዓመት በላይ ኮምፒዩተር ጠግኛለሁ።

ማዘርቦርድህ ላይ ረጅሙ የግራፊክስ መሰኪያ ካለ፣ ጂቲ 710 የሚባል ያገለገለ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ፈልገህ ስካበት። ኤች.264ን ሙሉ በሙሉ ይፈታል። 19 ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ የቆየ ፓወር ሰፕላይም ይችለዋል። የተለየ የኃይል ገመድ አይፈልግም። ኤችዲኤምአይ አለው፣ ቪጂኤውን ትጥለዋለህ። ድምፁም በዚያው ገመድ ይሄዳል።

ሦስት ነገር ተጠንቀቅ። ኬዝህ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ የካርዱ የጀርባ ቆርቆሮ አጭሩ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ፣ ያገለገለ ሲሆን ግን አጭሩ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ አሮጌ ማዘርቦርድ አዲስ ካርድ ሲሰካበት ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ይዘህ ሂድ፣ እዚያው ሰክተው ያሳዩህ። ሳታይ ብር እንዳትከፍል። ሦስተኛ፣ ይህ ካርድ ብዙ ጊዜ ፋን የለውም፣ ብረቱ ብቻ ነው የሚያቀዘቅዘው። ኬዙን ከግድግዳ አርቀው።

ስትከፍተው ደግሞ አቧራውን አጽዳ። የሚመጡልኝ ኮምፒዩተሮች ግማሾቹ ሌላ በሽታ የላቸውም፣ የፕሮሰሰሩ ፋን ሥር አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነው። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የፋኑን ክንፍ በጣትህ ይዘህ ንፋበት፣ ካልያዝከው በንፋሱ እየተሽከረከረ ይበላሻል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለውን የደረቀ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱንም፣ ጠርገህ አዲስ ቀባ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ይበቃል።

———

የጀሞ ልጅ
ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ከሥራ ስወጣ ይዤው እሄዳለሁ።

———

ሲልቨር ስፕሪንግ
ታኅሣሥ 13፣ ንጋት 11፡50

ከሜሪላንድ ነኝ። ቅር አይበላችሁና በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም። ጂቲ 710 ኤች.264ን ይፈታል፣ ከእሱ ቀጥሎ የመጣውን ኮዴክ፣ ኤችኢቪሲን፣ ግን አይፈታም። ነገ ቻናሎቹ ወደ ኤችኢቪሲ ቢቀየሩ ልጁ እንደገና እዚሁ ችግር ላይ ነው።

እኔን የገጠመኝን ልንገራችሁ። እዚህ የአሜሪካን ቻናሎች በአንቴና በነፃ እናያለን። የቆየው ስርጭት ኤምፔግ 2 ነው። በአንድ ቻናል እስከ 19 ሜጋቢት በሰከንድ ይመጣል፣ ከሳተላይቱ እጥፍ በላይ ነው። ግን አሮጌው ኮምፒዩተሬ ያለ ችግር ያጫውተዋል፣ ምክንያቱም ኤምፔግ 2 ለመፍታት ቀላል ነው። ዳታው ብዙ፣ ሥራው ትንሽ። አዲሱ ስርጭት ኤቲኤስሲ 3 ይባላል፣ ኤችኢቪሲ ነው። ዳታው ያንሳል፣ ኮምፒዩተሬ ግን ተንበረከከ። ያ ኮምፒዩተር ኮር አይ7 ነው፣ ሁለተኛ ጄኔሬሽን። በዘመኑ ጌታ ነበር። የባለቤቴ ኤን100 የሚባል ፕሮሰሰር ያለው በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ሳጥን ነው። ፎርኬ ኤችኢቪሲ ሲከፈትበት ፋኑ እንኳ አይሰማም።

እኔ ብሆን ገንዘቡን አጠራቅሜ እንዲህ ያለ ሚኒ ፒሲ እገዛለሁ። ኤን100 6 ዋት ፕሮሰሰር ነው። መብራት ሲሄድ በትንሽ ኢንቨርተር ቴሌቪዥኑን ጨምሮ ያቆያችኋል።

———

ፍሬም በፍሬም
ታኅሣሥ 13፣ ቀን 7፡05

እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። የተለየሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ለገና በዓል የቀረው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የሚያየው ስርጭት ዛሬ ኤች.264 ነው። ያገለገለ ካርድ ይፈታዋል። ሚኒ ፒሲው ለከርሞ ይደርሳል።

አዲስ ነገር መግዛት ለሚያስብ ግን የማስታውሰውን ልጻፍ። በኢንቴል በኩል ኤች.264 ከሁለተኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ሁሉም ላይ በደንብ ይፈታል፣ ያ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ነው። ኤችኢቪሲ 8 ቢት (ቢቱ የቀለም ጥራት ደረጃ ነው) ስድስተኛው ላይ ገባ። 10 ቢቱና ዩቲዩብ የሚጠቀምበት ቪፒ9 ሰባተኛው ላይ። ከእነዚህ ሁሉ አዲሱ ኮዴክ፣ ኤቪ1፣ አሥራ አንደኛው ላይ። ከኤንቪዲያ ርካሽ ካርዶች ጂቲ 1030 ኤችኢቪሲን ከነ10 ቢቱ፣ ቪፒ9ንም ይፈታል። ኤቪ1ን ግን አይችልም።

ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ «ኮር አይ5 ነው» ብሎ ያቆማል። አይ5 ማለት ምንም አልነገራችሁም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ5-3320 ሦስተኛ ጄኔሬሽን ነው። አይ5-7200 ሰባተኛ ነው። ከአሥረኛው ወዲህ ሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ናቸው። በአይ5-3320 እና በአይ5-7200 መካከል ያለው ልዩነት ለፊልም ተመልካች የሰማይና የምድር ያህል ነው። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይራራቅም።

እኔ ሁልጊዜ የማደርገውን ልንገራችሁ። ፍላሽ ላይ ሁለት አጫጭር ቪዲዮ ይዤ ነው ሱቅ የምገባው። አንዱ ኤች.264 ኤችዲ፣ አንዱ ፎርኬ 10 ቢት ኤችኢቪሲ። ሻጩ ፊት እከፍታቸዋለሁ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ታስክ ማናጀር ውስጥ ጂፒዩ የሚለውን ስትጫኑ «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚል ግራፍ አለ። ያ ግራፍ ተነሥቶ ሲፒዩው ከተኛ ዕቃው ደኅና ነው። ግራፉ መሬት ላይ ተኝቶ ሲፒዩው ከወጣ ጥላችሁ ውጡ።

———

የሐይቅ ዳር
ታኅሣሥ 13፣ ማታ 2፡40

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ከሳተላይቱ ትንሽ ይወጣል። ሐዋሳ ነኝ። ላፕቶፔ ያው የጠቀስከው አይ5-3320 ነው። ፋይበር አለን፣ 10 ሜጋ። ዩቲዩብ ላይ መዝሙርና ትምህርት ነው የማየው። 1080 ላይ ሳደርገው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ምስሉ መቆም ይጀምራል። ልጄ ኢንተርኔቱ ነው ትለኛለች። ኢንተርኔቱ ነው?

———

ፍሬም በፍሬም
ታኅሣሥ 13፣ ማታ 3፡10

ኢንተርኔቱ አይመስለኝም እህቴ። ዩቲዩብ ራሱ ለ1080 5 ሜጋ ይበቃል ይላል። ኢንተርኔት ሲያንስ መሐል ላይ ክቡ ይዞራል። ክቡ ሳይዞር ምስሉ ብቻ ከተቆራረጠ ኮምፒዩተሩ ነው።

ቪዲዮው ላይ ቀኙን ክሊክ አድርጊና «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ክፈቺ። ኮዴክ በሚለው ፊት ቪፒ09 ወይም ኤቪ01 ካለ ላፕቶፕሽ በፕሮሰሰሩ ነው የሚፈታው። ኤቪሲ1 ካለ ግራፊክሱ ያግዛል።

ኤች264ፋይ የሚባል የብራውዘር ተጨማሪ አለ። እሱን ስትጭኚ ዩቲዩብ በኤች.264 ይልክልሻል። ሁለት ነገር ግን እወቂ። በኤች.264 ዩቲዩብ ከ1080 በላይ አይሰጥም። ለአንድ ዓይነት ጥራት ደግሞ ከቪፒ9 የበለጠ ዳታ ይወስዳል። ፋይበር ላይ ግድ የለም፣ በሞባይል ዳታ ስትሆኚ ግን አጥፊው።

———

ጥገና ቤት
ታኅሣሥ 13፣ ማታ 3፡35

ልጄ፣ «ከአሥር ደቂቃ በኋላ» ያልሽው ቃል ሌላም ነገር ይነግረኛል። መጀመሪያ ላይ ሠርቶ ሲቆይ የሚደክም ላፕቶፕ ሙቀት ይዞታል። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አድርገሽ የምታዪ ከሆነ የሆዱ መተንፈሻ ተደፍኗል። ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ ሲመችሽ አስጠርጊው።

———

የሐይቅ ዳር
ታኅሣሥ 15፣ ማታ 1፡20

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ፍራሽ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ኮዴኩም ቪፒ09 ነበር። ተጨማሪውን ጫንኩት፣ አሁን ኤቪሲ1 ይላል። ሲፒዩው ከ70 ወደ 25 ወረደ። ትናንት ሁለት ሰዓት ሙሉ አየሁ፣ ፋኑ አልጮኸም። ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ።

———

የጀሞ ልጅ
ታኅሣሥ 17፣ ማታ 4፡00

ካርዱን አገኘሁ! የመጀመሪያው ሱቅ የነበረው ሰክተው ሲያዩት ጋሼ እንዳሉት ጨለማ ሆነ። ሁለተኛው ቦታ ያገኘሁት ሌላ ድርጅት የሠራው ጂቲ 710 ነው፣ ወዲያው ተነሣ። አጭሩ ቆርቆሮ አልነበረውም፣ የኔ ኬዝ ግን ሰፊ ስለሆነ አላስፈለገም።

ቤት አምጥቼ ድራይቨሩን ጫንኩ። ያንኑ የአምስት ደቂቃ ፋይል ከፈትኩ። ምንም ለውጥ የለም! ሲፒዩው አሁንም 98 ነው። ልቤ ወደቀ። ምን ሆንኩ?

———

ፍሬም በፍሬም
ታኅሣሥ 17፣ ማታ 4፡09

አይዞህ። ካርዱ ገብቷል፣ ቪኤልሲ ግን ተጠቀምበት አልተባለም። ቱልስ፣ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ኢንፑት እና ኮዴክስ። «ሃርድዌር አክስለሬትድ ዲኮዲንግ» የሚለው «ዲሴብል» ላይ ይሆናል። «አውቶማቲክ» ወይም «ዲኤክስቪኤ 2» አድርገው። ሴቭ ብለህ ቪኤልሲን ዘግተህ ክፈት። ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ብትጭን «ቪዲዮ ኢንጂን ሎድ» የሚለው መስመር ሲነሣ ታየዋለህ።

———

የጀሞ ልጅ
ታኅሣሥ 17፣ ማታ 4፡31

14 ፐርሰንት። አሥራ አራት! የጠፋ ፍሬም ዜሮ። አባቴን ከእንቅልፉ ልቀሰቅሰው ነበር።

———

የጀሞ ልጅ
ታኅሣሥ 20፣ ማታ 2፡50

ተመልሼ መጣሁ። ምስሉ አይቆረጥም። ግን ዓይን የሚያደክም ሦስት ነገር አለ። ከሥር የሚያልፈው የዜና ጽሑፍ ለስለስ ብሎ አይሄድም፣ በየሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ይነቀነቃል። ሌላው ደግሞ ሰው ፈጠን ብሎ ሲንቀሳቀስ ዳር ዳሩ የሚዶ ጥርስ ይመስላል። የጽሑፉም የታችኛው ግማሽ ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ውጪ ሆኖ አይነበብም።

———

ፍሬም በፍሬም
ታኅሣሥ 20፣ ማታ 3፡25

ሚዶ ያልከው በጣም ልክ ነው፣ ራሱ ነው። ብዙ የቴሌቪዥን ስርጭት ምስሉን በሙሉ አንድ ጊዜ አይልክም። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ማለት ነው። ኢንተርሌስ ይባላል። ሰውዬው በሁለቱ ግማሾች መካከል ስለተንቀሳቀሰ ሲጣመሩ ጥርስ ይወጣል። ቪኤልሲ ላይ ቪዲዮ ውስጥ ዲኢንተርሌስ የሚለውን «ኦን» አድርግ፣ ሞዱን «ያዲፍ 2ኤክስ»። ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሸክም ነው። ፕሮሰሰርህ ኤች.264ን ራሱ ሲፈታ ቢሆን ይህን መጨመር አይችልም ነበር። አሁን እጁ ባዶ ስለሆነ ይችለዋል።

የጽሑፉ መነቅነቅ ከስክሪኑ ፍጥነት ነው። ስርጭቱ በ50 ይመጣል፣ ኮምፒዩተሩ ለቴሌቪዥኑ በ60 ይልካል። 50ውን 60 ለማድረግ አንዳንዱን ፍሬም ይደግመዋል፣ ያ ነው የሚነቀነቀው። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሪፍሬሽ ሬቱን 50 ኸርዝ አድርግ።

ጠርዙ የተቆረጠው በቴሌቪዥኑ ነው። ሪሞቱን ይዘህ የፒክቸር ሳይዙን ገጽ ፈልግ። ሳምሰንግ ከሆነ «ስክሪን ፊት»፣ ኤልጂ ከሆነ «ጀስት ስካን» ይላል።

———

ሲልቨር ስፕሪንግ
ታኅሣሥ 21፣ ንጋት 12፡10

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ፦ የ50 ኸርዙን ነገር አንዳንዱ የእዚህ ቴሌቪዥን አይቀበልም። የአገር ቤት ቻናል በኢንተርኔት ስናይ ጽሑፉ የሚነቀነቀው ለዚያ ነው። ኮምፒዩተር አትቀይሩ።

———

ጥገና ቤት
ታኅሣሥ 21፣ ማታ 1፡00

አንድ የረሳሁት። ዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው። ለዲሹ ብቻ ከሆነ ኢንተርኔቱን ንቀልለት። ባንክህን በዚያ ኮምፒዩተር እንዳትከፍት። ሪሲቨሩን ያቃጠለው መብራት ይህንንም እንዳያቃጥለው ስታቢላይዘር አስገባለት።

———

የጀሞ ልጅ
ታኅሣሥ 29፣ ማታ 1፡45

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ስታቢላይዘሩ ገብቷል፣ ሦስቱም ነገር ተስተካክሏል። ዛሬ ጠዋት አባቴ ነጠላውን መስቀለኛ ለብሶ፣ እግሩን በርጩማ ላይ አድርጎ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ቤተ ማርያም ታየ። ካህናቱ ከላይ ቋጥኙ ጠርዝ ላይ ቆመዋል፣ ሌሎቹ ከታች ቅጥር ግቢው ውስጥ። ካሜራው ቀስ ብሎ በዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ ላይ አለፈ። የባለፈው ዓመት ቅጂ ላይ ይህ ቦታ ነበር በሙሉ ድብልቅልቅ የሚለው። ዛሬ የእያንዳንዱ ነጠላ ጥለት ይታይ ነበር። አባቴ ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ያ ቄስ እኮ ያሳደረኝ ሰውዬ ናቸው» አለና በጣቱ ነካቸው።

ከዚያ በኋላ ቁጭ አላለም። እስኪያልቅ አብሯቸው ሲወዛወዝ ነበር።

ሁሉንም ቀድቼዋለሁ። 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ 12 ጊጋ። አሁን አጎቴ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ይዞ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፣ ይዞ ሊሄድ ነው። ፍላሹ ባዶ ነው፣ ግን «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ምን ላድርግ?

———

ፍሬም በፍሬም
ታኅሣሥ 29፣ ማታ 1፡52

እንኳን አብሮ አደረሰን። ፍላሹ ፋት32 ነው፣ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቀኙን ክሊክ፣ ፎርማት፣ «ኤክስፋት» ምረጥ። ውስጡ ያለ ነገር ይጠፋል፣ አጎትህን መጀመሪያ ጠይቅ። አባትህን ሰላም በልልኝ።

———

የጀሞ ልጅ
ታኅሣሥ 29፣ ማታ 2፡20

እየገባ ነው። 9 ደቂቃ ይቀረዋል ይላል። አጎቴ ቡና እየጠጣ ነው።